ፕሮቲን ዳታ ባንክን ከባሕር ዳር ሆናችሁ ስትጠቀሙ፦ አንድ ፋይል አይበቃም

ቫይረስ ወደ ሴል እንዴት እንደሚገባ በደንብ ማየት የሚፈልግ ሰው ሲጠይቀኝ የምልከው ወደ ፕሮቲን ዳታ ባንክ ነው። ነፃ ነው። ምዝገባ የለም፣ ኢሜይል ስጡ አይልም፣ ማስታወቂያም የለውም። እዚህ ባሕር ዳር ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ድረ ገጹን ክፍል ውስጥም ቤት ቁጭ ብዬም እጠቀምበታለሁ። ስለ እሱ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ይሄን ልጻፍ አልኩ።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አገልግሎቱ ግሩም ነው፤ ግን አንድ ፋይል ብቻ ከፍቶ የሚወጣ ሰው ነገሩን ሳይረዳው ይቀራል። የቫይረስ የገጽ ፕሮቲን ሥራውን የሚሠራው ቅርፁን በመቀየር ነው። ስለዚህ ሁሌም ጥንድ ክፈቱ፤ አንዱ ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ያለው ቅርፅ፣ ሌላው ከገባ በኋላ የሚቀረው። ድረ ገጹ ይሄን በራሱ አይነግራችሁም፤ የትኛው ፋይል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ራሳችሁ ማወቅ አለባችሁ። ጥሩ ጥሩ ጥንዶችን እዚህ የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ ለማታውቁት። ሳይንቲስቶች የአንድን ፕሮቲን ቅርፅ በኤክስሬይ ወይም በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያገኙ እያንዳንዱ አቶም የት እንዳለ መዝግበው የሚያስቀምጡበት የጋራ ቦታ ነው። በ1971 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) አሜሪካ ውስጥ ብሩክሄቨን ብሔራዊ ላብራቶሪ ሲጀመር 7 ፋይል ብቻ ነበረው። ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ አለው። የሰው ኢንሱሊን ትፈልጋላችሁ፣ አለ። የኤችአይቪ ኢንዛይም፣ አለ። እኔ የምመላለሰው ግን ለቫይረሶች ነው።

እያንዳንዱ ፋይል ከፊደልና ከቁጥር የተሠራ ባለ አራት ምልክት ኮድ አለው። ኮዶቹን እንደሚነበቡ እጽፍላችኋለሁ፤ መፈለጊያ ሳጥኑ ውስጥ ስታስገቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ቀይሯቸው።

በኢንፍሉዌንዛ ጀምሩ። 2ኤችኤምጂ እና 1ኤችቲኤም። የመጀመሪያው ሄማግሉቲኒን የሚባለው ፕሮቲን ቫይረሱ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ያለው ቅርፅ ነው። ሦስት አንድ ዓይነት ክፍሎች ተጠማጥመው 13.5 ናኖሜትር ገደማ ቁመት ያለው ምሰሶ ሠርተዋል። ይህን ቅርፅ ዊልሰን፣ ስኬልና ዋይሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጡት በ1981 ነው። የምሰሶው ራስ ሲያሊክ አሲድ የሚባለውን፣ የመተንፈሻ አካላችን ሴሎች ላይ ያለውን ስኳር ይይዛል። ከዚያ ሴሉ ራሱ ቫይረሱን በከረጢት ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይወስደዋል። ከረጢቱ ወደ ውስጥ እየገባ ሲሄድ አሲዱ እየጨመረ ይመጣል፤ ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው) ወደ 5 ሲጠጋ ፕሮቲኑ ይፈነጠራል።

ገጠር ያደጋችሁ ቆቅ የሚያዝበትን ወስፈንጥር ታውቁታላችሁ። ዘንጉ ጎብጦ ታስሮ ይቀመጣል። ጉልበቱ ያለው መጎበጡ ውስጥ ነው። የሆነ ነገር ሲነካው ማሰሪያው ይለቅና ዘንጉ ቀጥ ይላል፤ ራሱን መልሶ ማጥመድ ግን አይችልም። ሄማግሉቲኒን ልክ እንዲህ ነው። 2ኤችኤምጂን ከፍታችሁ ከውስጥ ያለውን ክፍል (ኤችኤ2 ይባላል) ለብቻው ቀለም ቀቡት። አንድ አጭር ጥቅል (እንደ ስፕሪንግ የተጠማዘዘ ክፍል)፣ ከዚያ ታጥፎ የሚወርድ ሪባን፣ ከዚያ ረጅም ጥቅል ታያላችሁ። አሁን 1ኤችቲኤምን ክፈቱ። ያ ታጥፎ የነበረው ሪባን የለም! እሱም ጥቅል ሆኗል፤ አጭሩና ረጅሙ በእሱ ተያይዘው 10 ናኖሜትር ገደማ የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ሆነዋል። የሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የነበረችው፣ ፊውዥን ፔፕታይድ የምትባለው ውሃ የምትጠላ ቁራጭ፣ ከምሰሶው ሥር ተነስታ እስከ ሴሉ ሽፋን ድረስ ተወርውራ ትሰካለች። ከዚያ የታችኛው ክፍል ወደ ኋላ ይታጠፋል። እጥፋቱ የቫይረሱን ሽፋንና የሴሉን ሽፋን ስቦ ያጋጥማቸዋል፣ ሁለቱ ይዋሃዳሉ፣ የቫይረሱ የዘር መልእክት ወደ ውስጥ ይፈሳል።

እነዚህን ሁለት ፋይሎች አጠገብ ለአጠገብ ሳያቸው አሁንም ይገርመኛል። ያው የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ ቁራጮች) ሰንሰለት እኮ ነው፤ አንድም ፊደል አልተቀየረም።

ካርና ኪም የሚባሉ ተመራማሪዎች ይሄ ሪባን ወደ ጥቅል እንደሚቀየር በ1993 ገምተው ጻፉ። 1ኤችቲኤም በ1994 ወጣና ግምቱን አረጋገጠ። ለተማሪ ይሄን ታሪክ መንገር ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ሐሳቡ፣ ቀጥሎ ማስረጃው።

አንዷ ተማሪዬ ይሄን አይታ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ቲቸር፣ ቫይረስ ሕይወት የለውም ብለዋል፣ ታዲያ አሁን ቀጥ በል ብሎ ያዘዘው ማነው?» አለች። ማንም አላዘዘውም። ጉልበቱ ፕሮቲኑ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ እጥፋቱ ውስጥ ነው ያለው። መጀመሪያ ሲሠራ አንድ ወጥ ሰንሰለት ነው፤ የእኛው የሰውነታችን ኢንዛይም አንድ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል፣ የሚጠመደውም ያኔ ነው። ካልተቆረጠ አይሠራም። አሲዱ የሚያደርገው አንዳንድ አሚኖ አሲዶች ላይ ፖዘቲቭ ቻርጅ መጨመር ነው፤ የላይኞቹ ራሶች እርስ በርስ ተገፋፍተው ሲላቀቁ ከሥር የታፈነው ይለቀቃል። እነ ካርና ኪም በ1997 ያሳዩት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፤ ምንም አሲድ ሳይጨመር በሙቀት ወይም ዩሪያ በሚባል ኬሚካል ብቻ ያው ለውጥ ይመጣል። አሲዱ ማሰሪያውን ይፈታል እንጂ ጉልበት አይሰጥም ማለት ነው። ልጅቷ ይሄን ስትሰማ «እንግዲያው ቀድመን ብንፈታውስ?» አለች። ሳይንቲስቶችም የሚያስቡት ይሄንኑ ነው። ቫይረሱ ሴል ሳያገኝ ፕሮቲኑ ከተፈነጠረ አለቀለት፤ አይመለስም።

ወደ ኮሮና እንለፍ። እዚህ ጥንድ ብቻ አይበቃም፣ ሦስት ክፈቱ። 6ቪኤክስኤክስ፣ 6ቪኤስቢ፣ 6ኤክስአርኤ። የመጀመሪያው ስፓይክ ፕሮቲኑ ሦስቱም ራሶቹ ተኝተው ነው። በሁለተኛው አንዱ ራስ ተነስቷል። ኤሲኢ2 የሚባለውን የሴላችንን ተቀባይ መያዝ የሚችለው የተነሳው ነው፤ የተኛው መያዣውን ደብቆታል። ራሱ ኤሲኢ2ን ይዞ ማየት ካማራችሁ 6ኤም0ጄን ጨምሩ። ከዚያ በኋላ ቲኤምፒአርኤስኤስ2 የሚባል የሴላችን ኢንዛይም ፕሮቲኑን ይቆርጠዋል፣ የላይኛው ክፍል ይወልቃል፣ የታችኛው ይዘረጋል። 6ኤክስአርኤ ላይ የምታዩት የመጨረሻውን ቅርፅ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድርቅ ያለ ዘንግ። ከመጀመሪያው ጋር ምንም አይመሳሰልም። ክፍል ውስጥ ስሙን ሳልናገር ሁለቱን ሳሳይ አንድ ፕሮቲን ናቸው ብሎ የሚገምት ተማሪ የለም።

6ቪኤስቢ ላይ አንድ ነገር ፈልጉ። ከላይ ያለውን የአሚኖ አሲድ ዝርዝር እየጎተታችሁ 986ኛውና 987ኛው ላይ ሂዱ። ሁለቱም ፕሮሊን ናቸው። የተፈጥሮ ቫይረሱ እዚያ ቦታ ላይ ሊሲንና ቫሊን ነው ያለው። ፕሮሊን ግትር ስለሆነ ያ ቦታ ቀጥ ያለ ጥቅል ውስጥ እንዳይገባ ያስቸግረዋል። ተመራማሪዎቹ ሆን ብለው ነው ያስገቡት፤ ፕሮቲኑ ሳይፈነጠር እንዲቆይ። የፋይዘርና የሞደርና ክትባቶች ይሄ ለውጥ አላቸው። የጆንሰንም አለው። አስትራዜኔካ ግን የተፈጥሮውን ስፓይክ ነው የተጠቀመው። አገራችን ውስጥ ጆንሰን የተከተበ ሰው ብዙ ነው፤ ክንዱ ላይ የገባው ሐሳብ ምን እንደነበር በአቶም ደረጃ ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል። በነፃ። እኔ ይሄንን ትልቅ ነገር ነው የምለው። የቫይረሱ የዘር ቅደም ተከተል ጥር 2020 መጀመሪያ ላይ ይፋ ሆነ፣ የ6ቪኤስቢ ጽሑፍ ደግሞ የካቲት ሳያልቅ ታትሞ ነበር። ያን ያህል የፈጠነው የሁለቱ ፕሮሊን ዘዴ ቀደም ብሎ ሜርስ በሚባለው ሌላ ኮሮና ቫይረስ ላይ ተሞክሮ ስለነበር ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የምወደው ጥንድ፦ 4ጄኤችደብሊው እና 3አርአርአር። አርኤስቪ የሚባለው፣ ሕፃናትን ሳንባቸው ድረስ የሚያጠቃው ቫይረስ ነው። የቅርፅ ነገር የሕይወት ጉዳይ መሆኑን እንደዚህ የሚያሳይ ሌላ ጥንድ የለም።

በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በፎርማሊን የተገደለ የአርኤስቪ ክትባት ለሕፃናት ተሰጥቶ ነበር። አልተከላከለም። ይባስ ብሎ የተከተቡት ልጆች በኋላ ቫይረሱ ሲይዛቸው በሽታው ጠናባቸው፣ ሁለት ሕፃናት ሞቱ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ክትባት አልተገኘም። አንዱ ምክንያት በኋላ የታወቀው በእነዚህ ሁለት ፋይሎች ነው። ኤፍ የሚባለው የአርኤስቪ የገጽ ፕሮቲን በቀላሉ ይፈነጠራል፤ የተገደለው ክትባት ውስጥ የነበረው ደግሞ በአብዛኛው የተፈነጠረው ቅርፅ ነበር። 3አርአርአር በ2011 የወጣው እሱ ነው። ሰውነት በዚያ ቅርፅ ላይ ብቻ ከተለማመደ የሚያመርተው አንቲቦዲ ዋናውን ቫይረስ በደንብ አያቆምም። በ2013 እነ ጄሰን ማክሌላን፣ ባርኒ ግራሃምና ፒተር ኳንግ ዲ25 የሚባል አንቲቦዲ ተጠቅመው ያልተፈነጠረውን ቅርፅ ያዙት። 4ጄኤችደብሊው ይሄ ነው። አንቲቦዲው የት እንደተቀመጠ ተመልከቱ፤ ጫፉ ላይ። ከዚያ 3አርአርአር ላይ ያንን ቦታ ፈልጉት። የለም። ፕሮቲኑ ቅርፁን ሲቀይር ያ ጫፍ ይፈርሳል። ምርጥ ምርጥ አንቲቦዲዎች የሚይዙት ቦታ የተገደለው ክትባት ውስጥ አልነበረም ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ፕሮቲኑን በሰልፈር ትስስር አስረውና ውስጡ ያሉትን ክፍተቶች ሞልተው እንዳይፈነጠር አደረጉት። በ2023 አሜሪካ ውስጥ ለአረጋውያን የሚሰጡት የመጀመሪያዎቹ የአርኤስቪ ክትባቶች ፈቃድ አገኙ፤ በዚያው ዓመት አንዱ ለነፍሰ ጡሮችም ተፈቀደ፣ የእናትየው አንቲቦዲ ልጁን እንዲጠብቅ። የተሠሩት ሳይፈነጠር በተያዘው ቅርፅ ነው።

እሺ፣ አሁን ጉድለቶቹ። አሉት።

ትልቁ፦ እንቅስቃሴ የለም። መጀመሪያውንና መጨረሻውን ታያላችሁ፣ መሃሉን አታዩም። ይሄ የድረ ገጹ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ መሃሉ በጣም ስለሚፈጥን ለመያዝ ከባድ ነው። ግን ጥንዶቹን የሚያገናኝ አንድ ቁልፍ ቢኖር ምን ነበረበት? ሁለት ፋይሎችን የሚያስተያይ መሣሪያ አለ፣ ሞክሬዋለሁ፣ ግን ለዚህ ሥራ አይመችም። የፕሮቲኑ ግማሽ ቦታውን ስለሚቀይር ሥዕሉ እርስ በርሱ ተደራርቦ ውጥንቅጥ ይሆናል። በሁለት መስኮት መክፈት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ሥዕሉ ያልያዘውን አይናገርም። 1ኤችቲኤም ላይ ያችን የምትሰካዋን ፊውዥን ፔፕታይድ ብትፈልጉ አታገኟትም፤ ለሙከራው ተቆርጣ ወጥታለች። የስፓይኩ ፋይሎች ላይም በጣም የሚወዛወዙ ቦታዎች ባዶ ናቸው። የሴሉ ሽፋን የለም። ስፓይኩን የሚሸፍኑት ስኳሮችም በከፊል ብቻ ናቸው የሚታዩት፤ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ 22 የስኳር ቦታ አለ፣ በሦስቱ 66 ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮቲኑ ራቁቱን የቆመ ይመስላል፤ እውነተኛው ቫይረስ ላይ ግን ተሸፍኗል። ቀለሙም ዝም ብሎ ለመለየት የተቀባ ነው። ይሄን አስቀድማችሁ ለተማሪ ካልነገራችሁ ቫይረስ ሐምራዊ ነው ብሎ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ አንዳንዱ ፋይል ከሦስቱ ክፍሎች አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው። ምርጫው ውስጥ ገብታችሁ ሙሉውን ስብስብ አምጡ፤ ባዮሎጂካል አሴምብሊ ይለዋል። በኮምፒውተር የተተነበዩ ሞዴሎችም ፍለጋው ውስጥ ሊመጡላችሁ ይችላሉ። ለዚህ ርዕስ በላብራቶሪ የተገኙትን ያዙ፤ ትንበያው ብዙ ጊዜ አንድ ቅርፅ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ሁለቱን ነው።

እንግሊዝኛው ይከብዳል። የፋይሎቹ ገጽ የተጻፈው ለተመራማሪ ነው። ለጀማሪ ግን እዚያው ውስጥ ፒዲቢ-101 የሚባል የትምህርት ክፍል አለ፣ በዚያ ጀምሩ። ዴቪድ ጉድሴል የሚባል ሳይንቲስትና ሠዓሊ ከ2000 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት «የወሩ ሞለኪውል» እያለ ሲጽፍበት ነበር። ቋንቋው ቀላል ነው፣ ሥዕሎቹ ደግሞ ልብ ያጠፋሉ። ቆርጣችሁ የምትገጣጥሟቸው የወረቀት ሞዴሎችም አሉት፤ የዴንጊና የዚካ ቫይረስ አለ። ፕሮጀክተር ለሌለው ትምህርት ቤት ይሄ ብቻውን ይበቃል።

ከባሕር ዳር ስትጠቀሙስ? ኔትወርክ ደህና ሲሆን በስልክ ዳታም ይከፈታል፤ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ በስልኬ ስፓይኩን እያዞርኩ ለጓደኛዬ አሳይቻለሁ። አሮጌ ስልክ ላይ ግን ትልልቆቹ ፋይሎች ይንቀራፈፋሉ፣ ሙሉ የቫይረስ ቅርፊት ከሆነ ደግሞ ብሮውዘሩን ሊዘጋው ይችላል። መብራትና ኢንተርኔት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ክፍል ገብቼ እዚያው እከፍተዋለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ማታ ኔት ሲኖር ፋይሎቹን አውርዱ፤ እያንዳንዱ ቢበዛ ጥቂት ሜጋባይት ነው፣ ፓኬጅ አይጨርስም። ከዚያ ካይሜራኤክስ የሚባለውን ፕሮግራም ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኑ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የሚያወጣው ነው፣ ለትምህርት ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ማውረጃው ግን ከባድ ስለሆነ ፔዳ ግቢ (ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ) ወይም ሌላ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ የሚማር ሰው ካላችሁ በፍላሽ እንዲያመጣላችሁ ጠይቁት።

ካይሜራኤክስ ያ የጎደለውን እንቅስቃሴም በከፊል ይሞላል። ሁለቱን ቅርፆች ሰጥታችሁት ሞርፍ ስትሉት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ፊልም ይሠራል። ክፍል ውስጥ ይሄ ሲታይ ጸጥ ነው የሚሉት። ግን መንገዱን ኮምፒውተሩ በግምት ነው የሚሞላው፣ ፕሮቲኑ በትክክል በዚያ መንገድ ሄደ ማለት አይደለም። ይሄንን ፊልሙን ከማስጀመራችሁ በፊት ተናገሩ፤ ካለቀ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።

የመጨረሻው የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነው። ለእኛ ከተማ ልጆች ከአርኤስቪም ይልቅ የሚቀርባቸው ይሄ ነው፤ ውሻ ያላሯሯጠው ተማሪ የለኝም። (ውሻ የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ፣ አይዋል አይደር።) ጂ የሚባለው የዚህ ቫይረስ የገጽ ፕሮቲንም አሲድ ሲነካው ቅርፁን ይቀይራል። ከኢንፍሉዌንዛው የሚለየው ግን መመለስ መቻሉ ነው፤ አሲዱ ሲቀንስ እንደገና ወደ ድሮ ቅርፁ ይመጣል። ከላይ ስለማይመለሱት ያልኳችሁን ሁሉ ይሄ ቤተሰብ አይከተልም ማለት ነው። የጂ ፕሮቲን ፋይሎች አሉ፤ ራቢስ ግላይኮፕሮቲን ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ፣ ዝርዝሩ ሲመጣ የእያንዳንዱን ፒኤች አንብባችሁ የአሲዱንና ያለ አሲድ ያለውን ለዩና ጎን ለጎን ክፈቷቸው።